የግራዝማች ባኞ

«ሴትዮዋ ትቅዳ! ምን ሆና ነው የማትቀዳው? ድሮስ የማን ባኞ ነበርና ነው?»

እታለም ይህን የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው። ባሏ ሽብሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ተረፈ ለሚባለው የቀበሌ ጥበቃ የቀኑን ትእዛዝ እየሰጠ ነበር። ድምፁን ዝቅ ያደረገ ይመስለዋል። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ የሚባል ነገር ጠፍቶበታል፤ ጨው አቀብዪኝ ሲል እንኳ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የቆመ ነው የሚመስለው። ተረፈ ደግሞ ከ«እሺ ጓድ» ሌላ አማርኛ ያልተማረ ይመስል በየቃሉ መሐል «እሺ ጓድ፣ እሺ ጓድ» ይላል። ከወሬያቸው የገባት ይህ ነው፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላይ የተላከው አዲሱ ካድሬ፣ ጓድ ዳኘ፣ እዚህ ቤት መጥቶ ገላውን ይታጠባል። ውሃውን ከቦኖ የሚያመላልሱት ደግሞ የቤቱ የቀድሞ ባለቤት፣ አሁን ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል የሚኖሩት ወይዘሮ ትርፊት ናቸው። ወይዘሮ ትርፊት ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። የእታለም እናት ታላቅ እህት፣ አክስቷ ናቸው።

ሽብሩ ይህን ሐሳብ ያገኘው ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ነው። ጓድ ዳኘ ስለ ምርት ዘመቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተናገረ በኋላ ወገቡን ይዞ፣ «ይህ ሆሳዕናችሁ ሙቅ ውሃ የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ ጓዶች? ሦስት ሳምንቴ ነው ብርድ ሲሰብረኝ» አለ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሽብሩ አልሳቀም፤ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። እታለም ከኋላ ተቀምጣ ሲጽፍ አይታዋለች። ይህ ሰው ከአብዮቱ በፊት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የግብረገብ አስተማሪ ነበር። ታላቅን ስለማክበርና ሐሜትን ስለመጥላት ሰሌዳ ሙሉ ይጽፍ ነበር አሉ። በቀለም ትምህርት ብዙ ባይገፋም ማን ፊት እንደሚቆም፣ ማን ፊት እንደሚቀመጥ ጠንቅቆ ያውቃል።

ባኞው ራሱ ተራ ባኞ አይደለም። የወይዘሮ ትርፊት ባል ግራዝማች ሰይፈሥላሴ ቁርጥማት ይዟቸው አዲስ አበባ ፍልውሃ ሁለት ሳምንት ተመላልሰው ሲድኑ፣ ፍልውሃን ተሸክሜ ካልሄድኩ ብለው ያመጡት ነው። ሦስት ሰው የሚይዝ፣ ውስጡ ነጭ፣ ውጭው ጥቁር፣ የበሬ ሬሳ የሚያህል የብረት ገንዳ ነው። ግንበኛው የጡብ መደብ ላይ አስቀመጠው፤ ከመደቡ ሥር እሳት የሚነድበት ጉድጓድ አበጀለት፤ እግር እንዳያቃጥል ታችው ላይ የእንጨት ርብራብ አነጠፈለት። የእሳቱ አፍ የሚከፈተው ከግድግዳው ውጭ፣ በጓሮ በኩል ነው፤ የሚታጠበው ሰው ጭሱንም፣ እሳቱን የሚያነደውንም ሰው እንዳያይ። በዚያ ዘመን የሚያነደው ሰው እታለም ነበረች። በዘጠኝ ዓመቷ ከዶዮገና «አክስቷ ታስተምራት» ተብላ መጣች። አክስቷ ግን ትምህርት ቤት የላኳት ከአምስት ቀን ሦስቱን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከታች ምንጭ በእንስራ እየተመላለሰች ያንን ገንዳ ስትሞላ ጀምበር ያዘቀዝቃል። ግራዝማች ከታጠቡ በኋላ ወይዘሮ ትርፊት ይገባሉ፤ ከወይዘሮ ትርፊት በኋላ ውሃው ይደፋል። እሷ አንድ ቀን እንኳ እግሯን ነክራ አታውቅም።

የትርፍ ቤት አዋጁ በወጣ በስድስተኛው ወር ግራዝማች ሞቱ። ቤቱ የመንግሥት ሆነ፤ ሽብሩ ሊቀመንበር ሲሆን ደግሞ የሽብሩ ሆነ። ሰዉ ሁሉ እታለም ቂሟን ተወጣች አለ። እሷ የተወጣችው ቂም አልነበረም፤ ባሏ ቁልፍ ይዞ መጣ፣ ገባች፣ አለቀ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ እንዳላት ግን አትክድም፤ በሳሎኑ መስኮት በኩል ጓሮውን ማየት ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲያ ደስታውም ሆነ ቤቱ ለመዳት። አክስቷ፣ እሷ በልጅነቷ ትተኛባት በነበረችው ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ከ«እንደምን አደሩ» እና ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ባኞውን ደግሞ ሽብሩ መጋዘን አደረገው። ከኅብረት ሱቁ የሚተርፈው ስኳር፣ ለሰው ሲከፋፈል ሁልጊዜ የሚያልቀው ስኳር፣ በጆንያ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ ጠዋት እታለም ለብሳ ልትወጣ ስትል ሽብሩና ተረፈ ሦስት ጆንያ ስኳር እየጎተቱ ከአልጋዋ ሥር ሲከቱ አየች። ሽብሩ ላቡን እየጠረገ፣ «የሠርጋችንን ነጭ ፎጣ አውጪ» አላት።

ስትወጣ ወይዘሮ ትርፊት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። አስተሳሰሩን አላወቁበትም፤ ሥራ አይቶ የማያውቅ ሰው አስተሳሰር ነው፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ይፈታል። እታለም ቀና ብላ አየቻቸው፣ «እንደምን አደሩ» ብላ አለፈች።

እታለም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነች። የዚያን ቀን ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የቆያት ሥራ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ባለ ሦስት ካርቦን፣ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማኅተም ያለበት። ለጓድ ዳኘ መኖሪያ የሚሆን፣ ከሦስት ክፍል የማያንስ፣ ግቢው የታጠረ፣ ከተቻለም መታጠቢያ ያለው የመንግሥት ቤት ተፈልጎ በሳምንቱ መጨረሻ እንዲቀርብ ይላል። እስከ «የታጠረ» ድረስ ጣቶቿ ሳይቆሙ መታችው። «መታጠቢያ» ላይ ስትደርስ ቆመች። የመዝገብ ቤቷ ዓለሚቱ ቁጥር ልትሰጠው ደብዳቤውን ወስዳ ቆማ አነበበችና ሳቋ መጣ።

«መታጠቢያ ያለው! በዚህ ከተማ መታጠቢያ ያለው ቤት ከእናንተ ቤት ሌላ የት...» አለችና አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አፏን ያዘች። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ጓድ ሽብሩ ያውቃል?» አለች።

«ዛሬ ሊያጥበው ጠርቶታል።»

ዓለሚቱ ቁጥሩን ጻፈች። የሴትየዋ ጥሩነት ይህ ነው፤ ካወቀች በኋላ አታወራም። እታለም ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀምጣ ባሏን አሰበችው፤ እንግዳውን በር ድረስ ወጥቶ ሲቀበል፣ እያንዳንዱን ክፍል እየከፈተ ሲያሳይ፣ ባኞውን በእጁ መታ መታ እያደረገ ስለ ብረቱ ውፍረት ሲናገር። ሌባ እንኳ ቤት ሊዘርፍ ሲመጣ እንዲህ አስጎብኚ አያገኝም። እነግረዋለሁ አለች። አንድ ጣራ ሥር ነው የምንኖረው፤ ቤቱን ቢያጣ የምወጣው አብሬው ነው አለች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የምትነግርበትን ቃል ስታዘጋጅ ቆየች።

ለእንግዳው ሲባል የከሰዓቱን ፈቃድ ወስዳ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስትሄድ ቦኖው ጋ ግርግር አየች። በዚያ ሰሞን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያውም እስከ ስምንት ሰዓት ነበር። አንድ ጀሪካን አምስት ሳንቲም ነው፤ ሴቶቹ ግን ሳንቲሙ ሳይሆን ተራው ነው የሚቸግራቸው፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ጀሪካናቸውንና እንስራቸውን በመስመር ደርድረው ይቆማሉ። ዛሬ ተረፈ ዱላውን ይዞ ከቧንቧው አጠገብ ቆሟል። ወይዘሮ ትርፊት በመጡ ቁጥር ሰልፉ ይቆማል፤ እሳቸው ይቀዳሉ፤ ይሄዳሉ፤ ሰልፉ ሁለት ሰው ሳያሳልፍ ተመልሰው ይመጣሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ገነቴ የምትባል የሰፈሩ ሰው፣ ሕፃን አዝላለች። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። በሐድይኛ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ አንዳንዱን እታለም ሰማችው። እኛ የምንጠጣውን እነሱ ይነከሩበታል ነበር የምትለው። ተረፈ ዘወር ብሎ ሲያያት ዝም አለች፤ ሲመለስ ደገመችው።

ወይዘሮ ትርፊት አንዱን ጀሪካን አንስተው አምስት እርምጃ ሳይሄዱ ነጠላቸው ተፈታና ረገጡት። ተንበረከኩ። ክዳኑ ወልቆ ውሃው ጉልበታቸው ሥር ፈሰሰ። ሴቶቹ ሳቁ። የተጠማ ሰው፣ ውሃው ሲደፋ እያየ የሚስቀው ሳቅ ነበር። አንዲት አሮጊት፣ «ወይዘሮ፣ ገረዲቱ የት ሄደችብዎ?» አለች። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ገረዲቱ መንገዱ ዳር ቆማለች፤ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ የቢሮ ቦርሳ፣ የተተኮሰ ቀሚስ። እታለም ደስ አላት፤ ደስ እንዳላትም ወዲያው ገባት። እሳቸውንም፣ ሴቶቹንም፣ ራሷንም እኩል ጠላች። ጀሪካኑን ለማንሳት ጎንበስ አላለችም። ቀስ ብላ አለፈች።

ቤት ስትደርስ ሽብሩ ቆጮና ጎመን ቀርቦለት ሳይነካው በመስታወት ፊት ቆሞ የካኪ ኮቱን አንገትጌ ያስተካክላል። ሳሎኑን አስጠርጓል። ከግራዝማች ጊዜ ጀምሮ ግድግዳው ላይ የነበረው የአጋዘን ቀንድ ወርዶ በምትኩ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ከጨርቁ በላይ ቀንዱ የነበረበት ቦታ እንደ ጠባሳ ነጥቶ ይታያል።

«ሽብሩ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ተቀምጣ። «ስለ ጓድ ዳኘ ነው። ዛሬ ቢሮ...»

«ስለ ጓድ ዳኘ እኔ ላንቺ ልንገርሽ» አለ፤ ከመስታወቱ ዘወር እንኳ ሳይል። «ይህ ሰው አንድ ቃል ቢናገር እኔ ከቀበሌ ወደ አውራጃ እወጣለሁ። አንድ ቃል! ሰው የሚያድገው በምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም። አንቺ የምታውቂው የጽሕፈት መኪና መምታት ነው።»

«የመታሁትን ነው ልነግርህ...»

«ዝም በይ አልኩሽ እኮ! ዛሬ አፍሽን ሰብስበሽ ዋይ። ሲመጣ ፈገግ በይ፣ ፎጣውን አቀብዪ፣ በቃ።»

እታለም የጎመኑን ሳህን ወደ ራሷ ስባ መብላት ጀመረች። ጎመኑ ቀዝቅዟል። ጠዋት ያዘጋጀቻቸው ቃላት አንድ በአንድ ከአእምሮዋ ሲወጡ ተሰማት። አሁን መናገር ትችል ነበር። ይህን ኋላም ቢሆን ለራሷ ደብቃ አታውቅም፤ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነበር፣ ደፍራ ብትለው ይሰማ ነበር። ነገር ግን ያ የአንገትጌውን ቁልፍ የሚዘጋው እጅ፣ ያ በመስታወት ውስጥ ለራሱ የሚያሳየው ፈገግታ፣ አፏን አስያዛት። ይወቀው አለች በልቧ። በራሱ ዓይን ይየው።

ስምንት ሰዓት ላይ ባኞው ሞላ። ለማቀዝቀዣ የሚሆን አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃም አጠገቡ ተቀመጠ። ወይዘሮ ትርፊት አሁን ጓሮ፣ የእሳቱ አፍ ፊት ተንበርክከው ክብሪት ይጭራሉ። ባሕር ዛፉን እርጥቡንም ደረቁንም ቀላቅለው አጭቀውታል። ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣት ትቶ በእሳቱ አፍ ተመልሶ ፊታቸውን ይመታል፤ በግድግዳው ስንጥቅም እየገባ የባኞ ቤቱን ሞልቶታል። ሽብሩ ከውስጥ እየሳለ፣ «ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ! ልታፍኚን ነው?» ይላል። ሴትየዋ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እንባቸውና ንፍጣቸው ተቀላቅሎ፣ የጭስ ማውጫውን ክዳን ሳይሆን ግድግዳውን ይነካካሉ። እታለም ይህን ስታይ የገባት ነገር ገረማት፤ ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ኖራ፣ ሙቅ ውሃዋ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ጭስ ማውጫው አናት ላይ የሚንሸራተት የቆርቆሮ ክዳን እንዳለ፣ ዝናብ እንዳይገባበት የሚዘጋ፣ ከማንደድ በፊት በእንጨት የሚገፋ፣ ማንም ነግሯቸው አያውቅም፤ ጠይቀውም አያውቁም።

ግድግዳው ሥር የቆመውን ረጅም ዱላ አነሣች፤ ክዳኑን ገፋችው። ዝገቱ ተንቋቋ። ከዚያ ተንበርክካ እርጥቡን እንጨት አወጣች፤ ቀጫጭኑን ከታች፣ ወፍራሙን ከላይ አድርጋ ደረደረችው፤ እፍ አለችበት። እሳቱ ወዲያው ተነሣ። የተተኮሰው ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ አመድ ሆነ። ወይዘሮ ትርፊት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው የእህታቸውን ልጅ እጅ ያዩ ነበር።

ጓድ ዳኘ በላንድሮቨር መጣ፤ ያውም ሃያ ደቂቃ ቀድሞ። አጭር፣ ወፍራም፣ ፊቱ የዋህ የሚመስል ሰው ነበር፤ ከእታለም ጋር ሲጨባበጥ እጇ ላይ ያለውን አመድ አይቶ «የሥራ እጅ!» አለና ደስ አለው። ሽብሩ ሁሉንም ክፍል እየከፈተ አሳየው። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን፣ አልጋው ሥር ያለው ጆንያ እንዳይታይ በሰውነቱ እየከለለ። ባኞውን ሲያሳየው ብረቱን በጣቱ አንጓ መታው፤ እታለም ጠዋት እንዳሰበችው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። «የፊውዳል ምቾት ነበር፤ ዛሬ የአብዮቱ ነው» አለ። ጓድ ዳኘ ውሃውን በክርኑ ነካ አደረገና እንደ ሕፃን ሳቀ።

ለሁለት ሰዓት ያህል ከዚያ ውሃ ውስጥ አልወጣም። ሽብሩ ነጩን ፎጣ በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ በእንጨቱ በኩል ስለ ማኅበሩ እርሻ፣ ስለ ማንበብና መጻፍ ዘመቻው ያወራል፤ ከውስጥ የሚመልሰው «ህም» ብቻ ነው። እታለም ጓሮ የእሳቱ አፍ ላይ ነበረች፤ አንድ ሰው እንጨት መጨመር ነበረበት፤ አክስቷን ብታምን ሰውየውን ይቀቅሉት ነበር። ከራሷ በላይ የባኞ ቤቱ ትንሽ መስኮት ለእንፋሎቱ ተከፍቷል። «ጓድ ሽብሩ!» የሚል ድምፅ ሰማች። «እስቲ ግባ፤ ጀርባዬ አልደረስ አለኝ።» ቀና ብላ ብታይ፣ ባሏ የካኪ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ተንበርክኮ፣ ሳሙና በያዘ ጨርቅ ሰውየውን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ያሸዋል። በደንብ፣ በትጋት፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ያሸዋል። ሰሌዳ ሲያጠፋም እንዲህ ይሆን ነበር አለች በልቧ።

ወይዘሮ ትርፊትም በጣታቸው ቆመው አዩ። «ግራዝማች እንኳ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጀርባቸውን ለወንድ አስነክተው አያውቁም።» ትልቅ ክብር የነገሯት ይመስላቸዋል። እታለም አልመለሰችላቸውም። እንጨት ጨመረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጓድ ዳኘ እንደ በሰለ ድንች ተልጦ ቀልቶ፣ ነጩን ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ሳሎን ተቀመጠ። ሥጋ ቀረበለት፣ በላ። ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ፣ «ያፈሳል?» አለ።

«ጠብ አይል ጓድ!»

«የመኝታ ክፍሉ ወለል ጣውላ ነው አይደል? ሲሚንቶ ለወገቤ አይስማማም።»

«የጽድ ጣውላ ነው ጓድ፣ የድሮ ሥራ።»

«ጥሩ» አለ ጓድ ዳኘ፤ ጣቱን በፎጣው ጠረገ። «ጓድ ሽብሩ፣ ቅንነትህን አይቻለሁ፤ አልረሳውም። ቤት እየተፈለገልኝ ነበር፤ እነሆ ተገኘ። እስከ ቅዳሜ ብታስረክብ ይበቃል። አንተን ደግሞ ቀበሌህ አይጥልህም፤ ሁለት ክፍል አታጣም።» የሽብሩ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት እዚያው ቀረ። እታለም ዓይኗን አልነቀለችም። ይቃወማል ብላ አልጠበቀችም፤ ግን ቢያንስ ዝም ይላል ብላ ነበር። ሽብሩ ብድግ ብሎ፣ «በደስታ ጓድ! ትልቅ ክብር ነው!» አለ። ጓድ ዳኘ ወደ መኪናው ሲሄድ ጓሮ በር ላይ ወይዘሮ ትርፊትን አየና ቆመ። «ውሃውን ያሞቁት እርስዎ ነዎት እናት? ጎበዝ። እርስዎ እዚሁ ይቆያሉ፤ ወር ሃያ ብር እንሰጥዎታለን። ባኞውን ያውቁታል።» ወይዘሮ ትርፊት ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

መኪናው ሲርቅ ሽብሩ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እጅጌው እንደተሰበሰበ ነው፤ ክንዱ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል። «ምን ማድረግ እችል ነበር?» አለ። «እስቲ ምን እላለሁ? እምቢ ልል ነው?»

«ደብዳቤውን ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ የመታሁት» አለች እታለም። «ሦስት ክፍል፣ አጥር፣ መታጠቢያ ይላል።»

ዞሮ አያት። «ታውቂ ነበር? እያወቅሽ?»

«ልነግርህ ጀምሬ አፍሽን ሰብስቢ አልከኝ። ሰበሰብኩ።»

ሊቆጣ ሞከረ፤ ድምፁ እንደ ልማዱ ሊወጣ ከጀለና መሐል ላይ ሰነፈ። ከዚያ ወዲያው ሌላ ነገር ማስላት ጀመረ፤ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ውለታ ነው፣ አይረሳውም፣ ምናልባት እንዲያውም ይሻላል። «ስኳሩን ግን ከቅዳሜ በፊት ማውጣት አለብን» አለ። እታለም አምስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ልጅ አልወለዱም፤ ብዙ ጊዜ ንቃዋለች። የዛሬው ግን እንደ ሌላው ቀን ሲነጋ የሚያልፍ አልነበረም። እዚያው ቆማ ሳለች ከዚህ ሰው ጋር ሁለት ክፍል ውስጥ እንደማትገባ አወቀች። አልቅሳም ተቆጥታም አይደለም፤ አንድ ሰው ጫማው እንደጠበበው የሚያውቀውን ያህል አወቀች።

የማቀዝቀዣው በርሜል ግማሹ አልተነካም ነበር። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ቀድታ ማዶ ገነቴ ቤት ወሰደች። ገነቴ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ በማንኪያ የጨውና የስኳር ውሃ ታጠጣዋለች፤ የመጨረሻዋ ውሃ እንደሆነች ከስኒው ታየ። ጀሪካኑን አየች፤ የእታለምን ቀሚስ አየች፤ «እዚያ አስቀምጪው» አለች። አላመሰገነችም። እታለም ሌላ ነገር እንድትላት ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ገነቴ ወደ ልጇ ዞረች። እታለም ወጣች፤ ልክ ነች አለች በመንገድ ላይ፤ እኔም ብሆን አላመሰግንም ነበር።

ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ ወይዘሮ ትርፊት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሹ ነበር። ክፍሏ ከአልጋው፣ ከአንድ ሣጥንና ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የግራዝማች ካባ ሌላ የያዘችው የለም። እታለም በዚያ በር ለመጨረሻ ጊዜ ከገባች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል።

«ዕቃዎን ይሰብስቡ» አለች። «ዓለሚቱ ግቢ አንድ ክፍል አለ። ዛሬ እዚያ እናድራለን።»

«የት?» አሉ ወይዘሮ ትርፊት። «እኔማ መቆየቴ ነው። አልሰማሽም? ሃያ ብር አለኝ እኮ። ጨዋ ሰው ነው፤ እናት ብሎኛል።»

«እሳቱን ማን ሊያነድልዎ ነው? አያውቁበትም። በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሱብዎታል።»

ሴትየዋ እግራቸውን ማሸት አቆሙ። ፊታቸው ላይ እውነተኛ መገረም ነበር። «አንቺ አለሽ ብዬ ነዋ» አሉ።

እታለም መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ቦኖው ጋ እንደሳቁት ሴቶች ዓይነት ሳቅ። በዚህች ሴት ዓለም ውስጥ አዋጅ ይወጣል፣ ግራዝማቾች ይሞታሉ፣ ካድሬዎች ይመጣሉ፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ግን ሁልጊዜ አንዲት እታለም ተንበርክካ አለች። ጥላቸው ልትሄድ ዘወር አለች። ሁለት እርምጃም ሄደች። ነገር ግን ጠዋት ሽብሩ «ሴትዮዋ» ሲል የሰማችው ድምፅ፣ ቅዳሜ ለአዲሱ ባለቤት ከቁልፉ ጋር ሲያስረክባቸው ታያት፤ አንድ ባኞ፣ አንድ በርሜል፣ አንዲት ሴትዮ። ይህን ለማንም አትተውለትም። ተመልሳ ካባውን ከግድግዳው አወረደችና ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው።

«እኔ ዛሬ ነው የምሄደው። ለዚያ ሰው ውሃ የሚያሞቅ እታለም እዚህ የለም። ይነሱ።»

ወይዘሮ ትርፊት ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ክፍሏን ዞረው አዩ።

«አልጋዬንስ ማን ይሸከምልኛል?» አሉ።

እታለም ፍራሹን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ የአልጋውን አንዱን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች።

«በዚያ በኩል ይያዙ።»

ከበዳቸው። ግን አነሡት።